አሸዋው ሱቃቸው ነበር፦ ቦራካይ የተዘጋችባቸው 6 ወራት

ደረቅ አሸዋ አይቆምም። የአሸዋ ግንብ የሚሠራ ሰው መጀመሪያ ውሃ ይቀዳል። አሸዋውን እያራሰ ይከምራል፣ በመዳፉ ይጠቀጥቃል፣ እንደገና ያርሳል። ክምሩ ሲጠጥር ከላይ ወደ ታች እያለ ይቀርጸዋል። ማማ ይወጣለታል፣ ደረጃ ይወጣለታል፣ መስኮት ይፈለፈልለታል። ፀሐይና ነፋስ እንዳይንዱት በየመሃሉ ውሃ ይረጭበታል። ከፊቱ በትልልቅ ፊደል «ቦራካይ» ብሎ የደሴቲቱን ስም ይጽፋል፣ ከስር የዕለቱን ቀን ያደርጋል። ጎብኚው መጥቶ አጠገቡ ፎቶ ይነሳል። ገንዘብ ጣል አድርጎ ይሄዳል። ሲመሽ ግንቡ ውስጥ ሻማ ይበራል። በማግስቱ ቀኑ ይቀየራል፣ ሥራውም እንደ አዲስ ይጀመራል።

ይህ ሥራ በር የለውም። ታፔላም የለውም። ካፒታሉ ባልዲ፣ አካፋና ሁለት እጅ ነው። ሱቁ አሸዋው ራሱ ነው።

ኤፕሪል 26 ቀን 2018 ይህ ሱቅ ተዘጋ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖችና ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) የተዘጋው አንድ መንገድ ወይም አንድ ሰፈር አይደለም። የፊሊፒንስ መንግሥት ሙሉ ደሴቲቱን ለ6 ወር ለጎብኚ ዘጋ። ከመዘጋቱ አንድ ቀን ቀደም ብሎ አንድ የአሸዋ ግንብ ሠሪና አንድ ሾፌር፣ ደሴቲቱን አዘውትሮ ከሚጎበኝ አንድ ሰው ጋር ሆነው፣ ፕሬዚዳንቱን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከሰሱ።

ይህን ጉዳይ ለመጻፍ ያነሳሳኝ ያ ክስ ነው። ስለ ቦራካይ ብዙ ተጽፏል። አብዛኛው የሚያወራው ስለ ባህሩ መቆሸሽና ስለ መጽዳቱ ነው፤ ትክክልም ነው። እኔ ግን ያንኑ ታሪክ ከአሸዋው በኩል ማየት ፈለግኩ። ደሴቲቱ መታከም ነበረባት፤ በዚህ ላይ ቅንጣት ጥርጣሬ የለኝም። የሕክምናውን ሂሳብ በብዛት የከፈሉት ግን ያላቆሸሿት ሰዎች ናቸው።

ነፋስ እየተከተለ የሚኖር ሰፈር

ቦራካይ ትንሽ ናት። ርዝመቷ 7 ኪሎ ሜትር አካባቢ፣ ስፋቷ ከ1,000 ሄክታር ትንሽ ቢያልፍ ነው። በአክላን ክፍለ ሀገር በማላይ ማዘጋጃ ቤት ስር ትተዳደራለች። ሦስት ባራንጋይ አሏት፤ ማኖክማኖክ፣ ባላባግና ያፓክ። ባራንጋይ ማለት እኛ ቀበሌ የምንለው ዓይነት ነው። ከዋናው መሬት ከካቲክላን ወደብ በጀልባ ቢበዛ ሩብ ሰዓት ይፈጃል።

ስሟን ያስጠራው በምዕራብ በኩል ያለው ነጭ ዳርቻ ነው። 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። አሸዋው ከኮራል (ድንጋይ ከሚመስል የባህር ውስጥ ፍጥረት) እና ከቀንድ አውጣ ቅርፊት የተፈጨ ስለሆነ እንደ ዱቄት ይለሰልሳል፣ በቀትርም እግር አያቃጥልም። ሰዉ ዳርቻውን ለሦስት ከፍሎ ጣቢያ 1፣ ጣቢያ 2፣ ጣቢያ 3 ይለዋል። ስሙ የመጣው ድሮ ጀልባዎች ሰው ያወርዱባቸው ከነበሩት ቦታዎች ነው።

እስከ 1970ዎቹ ድረስ ኑሮው ኮኮናትና ዓሣ ነበር። ከዚያ በፊት ደግሞ የደሴቲቱ ቀደምት ነዋሪዎች አቲ የሚባሉት ሕዝቦች ናቸው። በ70ዎቹ ቦርሳቸውን በጀርባቸው ያዘሉ መንገደኞች መጡ። በሰሜን በኩል ካለው ዳርቻ የሚለቀም ፑካ የሚባል የባህር ቅርፊት ለአንገት ጌጥ ተፈለገ። ቀስ በቀስ ጎጆው እንግዳ ማረፊያ ሆነ፣ እንግዳ ማረፊያው ሆቴል ሆነ። በ2017 የጎብኚው ቁጥር 2 ሚሊዮን ደረሰ።

የዚያ አካባቢ ንግድ በነፋስ ይመራል። ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ግድም አሚሃን የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ይነፍሳል። ያኔ ነጩ ዳርቻ ጸጥ ይላል፣ ባህሩ እንደ መስታወት ይተኛል፣ ሥራው ይደራል። በተቃራኒው በምሥራቅ ያለው ቡላቦግ ዳርቻ ይናወጣል፤ ካይት በሚባል ነፋስ በሚወጥረው ሸራ እየተጎተቱ ውሃ ላይ የሚንሳፈፉት ስፖርተኞች ወደዚያ ይሄዳሉ። ከሰኔ በኋላ ሃባጋት የሚባለው የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ዝናብ ይዞ ይመጣል። ማዕበሉ ነጩን ዳርቻ ይመታዋል፣ ጀልባዎችም ወደ ሌላው በኩል ይዞራሉ። ጎብኚ ይሳሳል፣ ገቢም ይሳሳል። ስለዚህ በአሸዋው ላይ የሚሠራ ሰው በጥሩዎቹ ወራት የክረምቱን ስንቅ መያዝ አለበት። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

አሸዋው ላይ የነበሩትን ሰዎች አስቧቸው። ሰማያዊ ሸራ ያላትን ፓራው የተባለች ባህላዊ ጀልባ የሚቀዝፉ፣ ምንጣፍ ዘርግተው የሚያሹ ሴቶች፣ ፀጉር የሚሠሩ፣ መነጽርና ዕንቁ በክንዳቸው ደርድረው የሚዞሩ፣ ማታ ማታ እሳት እያሽከረከሩ የሚጨፍሩ ወጣቶች። ከዳርቻው ትንሽ ገባ ሲሉ ዲታሊፓፓ የሚባለው ገበያ አለ። እዚያ ዓሣውን፣ ሸርጣኑን፣ ሽሪምፑን በቁሙ ትመርጣለህ፣ ትከራከራለህ፣ ታስመዝናለህ። ከዚያ አጠገቡ ካሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ወደ አንዱ ይዘኸው ትሄዳለህ። የማብሰያ ብቻ ትከፍላለህ፣ እንደፈለግከው ይሠሩልሃል። አንዱ ሻጭ ሌላውን ያበላል ማለት ነው። ዓሣ ያልሸጠ ገበያ፣ ማብሰያ ቤቱንም ያስርበዋል።

ጎብኚውን ከወደቡ የሚያመላልሱት ደግሞ ጎናቸው ላይ መቀመጫ የተገጠመላቸው ሞተሮች ነበሩ። ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ብዙው ቋሚ ደመወዝ፣ የሥራ ውልና ጡረታ የለውም። ኑሮው ከእጅ ወደ አፍ ነው።

ቱቦው የት እንደሚወጣ

አሁን ወደ በሽታው ልግባ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ሁሉ የተፈታውም የተበላሸውም እዚሁ ላይ ስለሆነ።

ደሴቲቱ የፍሳሽ መስመር አላት፣ ማጣሪያም አላት። ያኔ ግን ብዙ ቤትና ብዙ ድርጅት አልተገናኘባትም ነበር። ለመገናኘት ወጪ አለው። ርካሹ መንገድ ቆሻሻውን የዝናብ ውሃ በሚወርድበት ቱቦ ውስጥ መልቀቅ ነበር። የዝናቡ ቱቦ ማጣሪያ አልነበረውም፣ በቀጥታ ባህር ይገባ ነበር። የሚወጣውም በምሥራቅ በኩል፣ ቡላቦግ ላይ ነበር። ያስተዋልኩት ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ገንዘቡ የሚገኘው በምዕራብ ዳርቻ ነበር፤ ፍሳሹ የሚወጣው በምሥራቅ። በነጩ አሸዋ ላይ ጋደም ያለ እንግዳ ምንም አያይም፣ ምንም አይሸተውም።

መንግሥት ማርች 2018 ላይ ለአምስት ቀን በተከታታይ የቡላቦግን ውሃ አስመረመረ። ከሰው ዓይነ ምድር የሚመጣው ኮሊፎርም የተባለው ባክቴሪያ በ100 ሚሊ ሊትር ውሃ ውስጥ በአማካይ 18,000 ሆኖ ተገኘ። የሚፈቀደው 100 ነው። 180 እጥፍ! ሰው የሚዋኝበት ውሃ ነው እንግዲህ።

ሌላውም ከዚህ አይሻልም። በደሴቲቱ በቀን ከ90 እስከ 115 ቶን ደረቅ ቆሻሻ ይመረት ነበር። ማዘጋጃ ቤቱ ማንሳት የሚችለው 30 ቶን ብቻ ነበር። በዳርቻው አቅራቢያ ከነበሩ 51 ድርጅቶች የ2004ቱን የንጹህ ውሃ ሕግ ያሟሉት 14 ናቸው። ከ9 ረግረግ መሬቶች የቀሩት 4 ነበሩ፤ በደንና በረግረግ መሬት ላይ 937 ሕገወጥ ግንባታዎች ተቆጥረዋል። የኮራሉ ሽፋን ከ1988 እስከ 2011 ባለው ጊዜ በ70.5 በመቶ ገደማ ቀንሷል። እነዚህ ቁጥሮች ፕሬዚዳንቱ ከፈረሙት ከአዋጅ ቁጥር 475 የተወሰዱ ናቸው።

አዋጁ ውስጥ አንድ ልቤን የነካው ነገር አለ። ከ1993 እስከ 2003 የምዕራቡ ዳርቻ እስከ 40 ሜትር ድረስ ተሸርሽሯል ይላል። ምክንያቶቹን ሲዘረዝር አውሎ ነፋስ አለ፣ የኮራሉ መሞት አለ። ከእነሱ ጋር ደግሞ ሕንጻ ለመሥራት ከዳርቻው የተዛቀው አሸዋ አለ። የአሸዋ ግንብ ሠሪው አሸዋውን ለአንድ ቀን ይዋሳል፣ በማግስቱ ይመልሰዋል። ሕንጻ ሠሪው ግን ወስዶ በሲሚንቶ ለወሰው። ዳርቻው ላይ ሠርተው ሁለቱም ይበላሉ፤ ለዳርቻው የሚተርፉት ግን ለየቅል ነው።

ምልክቱ ከመጀመሪያውም ነበር። በጥሩው ወራት፣ ከፌብሩዋሪ ጀምሮ፣ ነጩ ዳርቻ ላይ አረንጓዴ አልጌ ይወጣል። «የተፈጥሮ ነው፣ ድሮም ነበር» የሚሉ ነበሩ። አልጌ በተፈጥሮ መኖሩ እውነት ነው። ፍሳሽ ሲጨመርበት ግን ማዳበሪያ እንዳገኘ ሰብል ነው፤ ይፋፋል።

22 ቀን

ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2018 ፕሬዚዳንት ሮድሪጎ ዱቴርቴ ዳቫኦ ከተማ ላይ ሲናገሩ ቦራካይን የፍሳሽ ጉድጓድ ብለው ጠሯት። ካልጸዳች እዘጋታለሁ አሉ። ኤፕሪል 4 ማታ ከካቢኔያቸው ጋር መከሩና መዝጋቱን አጸደቁ። ኤፕሪል 26 ተዘጋች። ከውሳኔው እስከ መዘጋቱ 22 ቀን ማለት ነው። በሦስቱም ባራንጋዮች የአደጋ ጊዜ ሁኔታ የሚያውጀው ሰነድ፣ ያው አዋጅ ቁጥር 475፣ የተፈረመውም በዚያው በተዘጋበት ቀን ነው።

22 ቀን ለትልቅ ሆቴል ምን ማለት ነው? የያዘውን ቀጠሮ መሰረዝ፣ ለሠራተኛ ደብዳቤ መጻፍ፣ ሕንጻውን ማደስ ማቀድ። ከባድ ነው፣ ግን ሂሳብ ሠራተኛ አለው፣ ጠበቃ አለው፣ ባንክ አለው። ለግንብ ሠሪው 22 ቀን ማለት 22 ግንብ ነው። ሌላ ምንም አይደለም።

ከላይ ያነሳሁት የክረምት ስንቅ እዚህ ጋ ይመጣል። መንግሥት የመዝጊያውን ጊዜ የመረጠው ከፋሲካ በኋላ ነው። አብዛኛው የተዘጋበት ጊዜ ገበያው የሚቀዘቅዝበት የዝናብ ወራት ስለሆነ ጉዳቱ ይቀንሳል የሚል አስተሳሰብ አለበት። ለሀገር ገቢ ከተሰላ ያስኬዳል። ግን ኤፕሪል መጨረሻና ሜይ የፊሊፒንስ ተማሪዎች እረፍት ነው። ሜይ 1 የሠራተኞች ቀን ሰሞን ደሴቲቱ በሰው ትጥለቀለቅ ነበር። በአሸዋው ላይ የሚሠራው ሰው የመጨረሻውን ስንቁን የሚይዘው ያኔ ነው። እሱን ተቀምቶ ነው ወደ ዝናቡ የገባው።

ከተዘጋ በኋላ መታወቂያ የሌለው አይገባም። ፖሊስ ዳርቻው ላይ ቆመ። ጎብኚ የለም፣ ጋዜጠኛም ያለ ፈቃድ የለም። ነዋሪው እንኳን እንዲዋኝ የተፈቀደለት በጣቢያ 3 በኩል አንጎል በተባለው ዳርቻ ላይ ብቻ ነበር። ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ቀኑ 11 ሰዓት። ተወልዶ ባደገበት ባህር!

ዝርዝሩ ላይ ስምህ ካለ

የሠራተኛ ሚኒስቴር ባዶ እጁን አልመጣም፤ ይህን መካድ አይገባም። ሥራቸውን ላጡ የተመዘገቡ ሠራተኞች በወር 4,205.50 ፔሶ ድጎማ አዘጋጀ። ቁጥሩ ከየት መጣ? በአካባቢው ዝቅተኛው የቀን ክፍያ ያኔ 323.50 ፔሶ ነበር። በ26 የሥራ ቀን ሲባዛ 8,411 ይሆናል። ግማሹ ነው የተሰጠው። ለጎዳና ነጋዴውና ለመሳሰለው ደግሞ የጽዳት ሥራ ተዘጋጀ። መጥረግ፣ ቆሻሻ መልቀም፣ ቦይ መክፈት። የሚከፈለው በቀን ዝቅተኛው ክፍያ ነው። ፕሮግራሙ ግን የታሰበው ለአጭር ጊዜ፣ በቀናት ለሚቆጠር ሥራ ነው። ደሴቲቱ የተዘጋችው 6 ወር ነው።

የተመዘገቡት ሠራተኞች ከ17 ሺህ በላይ ነበሩ። ያልተመዘገቡት ደግሞ ከ10 ሺህ እንደሚበልጡ ተገምቷል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ወረቀት ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ዳርቻ፣ ለአንድ እንግዳ፣ በአንድ ቀን ይሠራሉ። አንዷ የሆቴል አልጋ ታነጥፋለች። ሌላዋ ከሆቴሉ ፊት ለፊት አሸዋ ላይ ታሻለች። አንዷን አሠሪዋ በዝርዝሩ ያስገባታል። ሌላዋ አሠሪ የላትም፤ ማን ያስገባት? ብዙዎቹ ደግሞ ከአጎራባች ደሴቶች መጥተው የሚሠሩ ናቸው። ጓዛቸውን ሸክፈው ወደየመጡበት ተመለሱ።

በደረቅ አበሳ እርጥብ ይቃጠላል የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። የምታሸው ሴት ቱቦ የላትም። ግንብ ሠሪው ፍሳሽ አይለቅም። ቡላቦግ ላይ ከአሸዋ ስር የተቀበሩ ሕገወጥ ቱቦዎች ተቆፍረው ሲወጡ፣ የቱቦው ሌላኛው ጫፍ ከእነሱ ቤት አልነበረም።

በሌላ በኩል ሥራው በእርግጥ ተሠርቷል። ከባህሩ መስመር 30 ሜትር ድረስ ያለው መሬት ባዶ እንዲሆን ተወስኖ ግንባታዎች ፈረሱ። ዋናው መንገድ ወደ 12 ሜትር እንዲሰፋ ከመሃሉ በግራም በቀኝም 6 ሜትር ተለካ። በዚህ መስመር ላይ የነበሩ ሱቆች ፊታቸው ተቆረጠ። በረንዳቸው የሄደ አሉ፣ ግማሽ ሱቃቸው የሄደ አሉ። በስድስት ወር ውስጥ ሌላ ቦታ ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ታይቷል። ባህሩም መልስ ሰጠ፤ ሲከፈት የነጩ ዳርቻ ውሃ ለዋና ብቁ ነበር።

ክሱ

አሁን ወደ ሦስቱ ከሳሾች ልመለስ። ክሳቸውን ያስገቡት ኤፕሪል 25 ነው፤ አዋጁ ገና ሳይፈረም። የሚሉት አጭር ነው። እንደልብ የመንቀሳቀስ መብታችን ተነካ፣ ሠርተን የመኖር መብታችን ተነካ፣ ይህን የሚፈቅድ ሕግ የለም ነው የሚሉት።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2019፣ ማለትም ደሴቲቱ ከተከፈተች ከሦስት ወር በላይ ቆይቶ፣ በ11 ለ2 ድምፅ ወሰነ። መዝጋቱ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም አለ። ጊዜያዊ ነው፣ ዓላማው ማጽዳት ነው፣ መንግሥት የሕዝብን ጤናና ደህንነት ለመጠበቅ ባለው ሥልጣን ውስጥ ይወድቃል ሲል አብራራ። እስከዚህ ድረስ እኔም አልከራከርም።

ያስከፋኝ ስለ ኑሮ የተሰጠው ምላሽ ነው። ፍርድ ቤቱ የግንብ ሠሪውና የሾፌሩ ገቢ ቋሚ አይደለም አለ። በጎብኚ ብዛት የሚወሰን፣ አንድ ቀን ከፍ አንድ ቀን ዝቅ የሚል ስለሆነ እንደ ተረጋገጠ መብት ሊጠይቁት አይችሉም። ደግሞም ሌላ ቦታ ሄደው ሙያቸውን መሥራት ይችላሉ ተባለ።

በሕግ ዓይን አስተሳሰቡ ይገባኛል። በኑሮ ዓይን ግን ተገልብጦ ነው የሚታየኝ። ገቢው ቋሚ ያልሆነ ሰው እኮ ነው ጥበቃ የሚያስፈልገው። ወርሃዊ ደመወዝ ያለው ሰው አንድ ወር ቢቀርበት የባለፈው ወር አለው። የዕለቱን የሚበላ ሰው ግን አንድ ቀን ሲቀርበት ያቺው ቀን ናት የምትጎድለው። «ሌላ ቦታ» የሚለውም ለግንብ ሠሪ አይሆንም። ሾፌር ሌላ ከተማ ሄዶ ሊነዳ ይችል ይሆናል። ያ ነጭ አሸዋ፣ ያ የደሴቲቱ ስም፣ በዚያ ስም ፎቶ ሊነሳ የመጣ እንግዳ፣ ሌላ ቦታ የለም። ተሸክሞት የሚሄደው ሱቅ አይደለም።

ሁለት ዳኞች ተቃውመዋል፤ ማርቪክ ሌዮነንና አልፍሬዶ ቤንጃሚን ካጊዮዋ። ልዩነታቸው መዝገቡ ላይ አለ።

በሩ ሲከፈት ማን ገባ

ኦክቶበር 26 ቀን 2018 ቦራካይ ተከፈተች። ከዚያ በፊት ለአስራ አንድ ቀን ያህል ለአካባቢው ሰው ሙከራ ተደርጎ ነበር። አዲስ ቁጥርም መጣ። የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስቴር ባስጠናው ጥናት ደሴቲቱ በአንድ ጊዜ ልትሸከም የምትችለው ጎብኚ 19,215 ነው ተባለ፤ በቀን የሚገባው ደግሞ 6,405።

የሚከፈተው ግን ወረቀቱን ያሟላ ብቻ ነበር። 50 ክፍልና ከዚያ በላይ ያለው ሆቴል የራሱ ማጣሪያ እንዲኖረው ግዴታ ሆነ። ከዚያ በታች ያለው ወይ በጋራ ማጣሪያ ይሠራል ወይ ከዋናው መስመር ይገናኛል። ትክክለኛ መመሪያ ነው፤ እንዲያውም ከ20 ዓመት በፊት ነበር መምጣት የነበረበት። በመክፈቻው ሰሞን ፈቃድ ያገኙት ማረፊያዎች 157 ነበሩ። ጎብኚውም ፈቃድ ካለው ማረፊያ ቀጠሮ ከሌለው ጀልባ ላይ አይወጣም። ለስድስት ወር ገቢ ያልነበረው አራት አምስት ክፍል ያለው ቤተሰብ ግን የማገናኛውን፣ የማሳደሻውንና የፈቃዱን ከየት ያምጣ? እንግዳው ወረቀት ቀድሞ ወዳሟላው ሄደ።

አሸዋው ላይ የነበረው ሕይወትም ተነሳ። ምንጣፍ ዘርግቶ ማሸት፣ መነጽር ይዞ መዞር፣ ወንበርና ጥላ መዘርጋት፣ ዳርቻው ላይ መጠጣትና ማጨስ ተከለከለ። በነዳጅ የሚሠራው የእሳት ጭፈራ ቀረ፤ ወጣቶቹ በመብራት መጨፈር ጀመሩ። የአሸዋ ግንብም እንደ ድሮው ማንም ባልዲ ይዞ ተነስቶ የሚሠራው መሆኑ ቀረ፤ ቁጥጥር ገባበት። በነዳጅ የሚሄዱት ሞተሮች በኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ እንዲተኩ ሆነ። አየሩ ጸዳ፣ ድምፁም ቀነሰ። ለሾፌሩ ግን አዲስ ዕዳ ነው።

እነዚህን ክልከላዎች አንድ በአንድ ካየናቸው ብዙዎቹ ይገባሉ። ሲጃራ አሸዋ ውስጥ መቀበር የለበትም፣ ኬሮሲን ባህር መግባት የለበትም። ችግሬ ማሸትና መሸጥ ከሲጃራና ከኬሮሲን ጋር በአንድ ዝርዝር መግባታቸው ነው። ሰውን ከቆሻሻ ጋር ደርቦ መጥረግ ይመስለኛል። ለእነሱ ከዳርቻው ጀርባ ጥላ ያለው የጋራ ቦታ ቀድሞ ማዘጋጀት ይቻል ነበር። በዝርዝር መመዝገብም ይቻል ነበር፤ አሠሪ የሌለውን ሰው ባራንጋዩ ያውቀዋል። ጣቢያ በጣቢያ፣ ቱቦ በቱቦ መዝጋትስ? የሚፈስሰው ቱቦ ከየትኛው ግቢ እንደሚመጣ ተቆፍሮ ታይቷል። ሂሳቡን መጀመሪያ ከዚያ ግቢ መጠየቅ ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አንድ ደስ ያለኝ ነገር አለ። ኖቬምበር 8 ቀን 2018 ፕሬዚዳንቱ ደሴቲቱ ድረስ ሄደው ለአቲዎች የመሬት ባለቤትነት ወረቀት ሰጡ። 3.2 ሄክታር ነው። ከ1,000 ሄክታር በላይ ከሆነችው ደሴት ላይ፣ ከሁሉም በፊት ለነበሩት ሰዎች። ትንሽ ናት፤ ቢሆንም በስማቸው የተጻፈ ወረቀት ናት። በዚህ ጉዳይ ውስጥ ወረቀት ምን ያህል እንደሚያስከብር ስላየሁ አልናቃትም።

በ2019 ጎብኚው ተመልሶ ከ2 ሚሊዮን አለፈ። ማርች 2020 ደግሞ በኮቪድ ምክንያት እንደገና ተዘጋ። የመጀመሪያውን መዘጋት ሕንጻውን በብድር አሳድሶ ያለፈ ሁሉ ሁለተኛው ሲመጣ ገና ዕዳውን አልጨረሰም ነበር። የውጭ ጎብኚ የተመለሰው በ2022 መጀመሪያ ነው።

በዚያው ዓመት ኤፕሪል፣ በፋሲካቸው ሳምንት፣ ደሴቲቱ ሞላች። ገደቡ 19,215 ነበር። ኤፕሪል 14 ቀን ከ21 ሺህ በላይ፣ በማግስቱ ከ22 ሺህ በላይ ጎብኚ ተቆጠረ። ማረፊያ ቤቶቹ ሁሉንም አስተናገዱ። አሸዋው ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ማሸት ግን ያን ሳምንትም ክልክል ነበር።